ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ባለፈው ክረምት ነው። ሐምሌ ተጋምሷል። ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ ከአሊዩ አምባ ወደ ቆላው ቁልቁል እየወረድኩ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ አለፍኩ። ከላይብረሪው መስኮት ሥር አንድ ልጅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርቦ ቆሟል። መዳፎቹን ከግንባሩ ግራና ቀኝ ደግፎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ሌባ መሰለኝ።

«አንተ! ምን ታደርጋለህ?»

ደንግጦ ወረደ። «ምንም አይደለም ጋሼ፤ ርዕሶቹን እያነበብኩ ነው።»

ርዕሶቹን። ከውጭ። በመስኮት።

በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ዝገት ጀማምሮታል። ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ ተቆለፈ፣ መስከረም ሲጠባ ይከፈታል። ቁልፉስ? ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ሆኖ ለዕረፍት ሌላ ከተማ ሄዷል።

በዚያው ዕለት ማታ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ጨዋታው ከዝናብ ወደ ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያ ወደ ልጆች ዞረ። አንድ የተከበሩ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የዛሬ ትውልድ እንደሆነ አያነብም» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ያ መስኮት ሥር ያየሁት ልጅ ዓይኔ ላይ እያለ፣ ሽማግሌ ፊት መናገር አፍሬ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ማታ የዋጥኩትን ዛሬ ልትፋው ነው።

ውሸት ነው።

«ትውልዱ አያነብም» ውሸት ነው። ደግሞ የሚመች ውሸት ነው። የሚመቸውም ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ልጁ ሰነፍ ከሆነ እኛ ምን እናድርግ? አለቀ! ነፃ ወጣን። ቡናችንን እንጠጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄው ነው፤ ቁልፍ የያዘውን ሰው መናገር ስለምንፈራ የተቆለፈበትን ልጅ እንወቅጣለን። እናንተም ይህን ታውቃላችሁ። በየለቅሶ ቤቱና በየወላጅ ስብሰባው ራሳችሁን ስትነቀንቁ ሆዳችሁ አልተቀበለውም። ዝም ያላችሁት እንደ እኔ አፍራችሁ ነው።

እስቲ እንግዲህ እንጠያየቅ። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ባለፈው ዓመት አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የጨረሰ ማን ነበር? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁላችንም እናነሳለን። «እኛ በዘመናችን!» እንላለን። ስንቶቻችን ነን ገጹን ገልጠን ያነበብነው? ስንቶቻችንስ ነን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማነው? መስማት ነውር የለበትም፤ ያን ድምፅ የሰማ ጆሮ የታደለ ነው። ነውሩ የሰማነውን አነበብን ብለን ልጆቹን መገሠጻችን ነው። ሳሎናችንን ተመልከቱ። ጣሪያው ላይ ዲሽ አለ። ቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ ተደርድሯል። መጽሐፍስ? አንድ? ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አባቱ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ አላየም። ያላየውን ከየት ያምጣው? በዝናብ ያበቅለው?

«ስልኩ ነው ያጠፋቸው» ትሉኛላችሁ። እሺ፤ ስልኩን እንየው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችሁ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንባ ስልኳ ላይ ስታፈጥ ምን እያየች እንደሆነ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ። ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የተጻፈ ታሪክ ነው። ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ ክፍል 47። በየማታው ይለቀቃል፤ ሲዘገይ አንባቢዎቹ «ቀጣዩስ?» እያሉ ጸሐፊውን መተንፈሻ ያሳጡታል። ፊደሉ ይሳሳታል፣ ታሪኩ ይንዛዛል፤ አልክድም። ግን ይሄ ምንድን ነው? ማንበብ አይደለም? አርባ ሰባት ክፍል እየጠበቀ የሚያነብ ልጅ አንባቢ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ልጆቹ ተርበዋል። የተራበ ያገኘውን ይበላል። እኛ ገበታውን ሸሽገን «ምነው ፍርፋሪ ለቀማችሁ» እያልን እንቆጣለን።

በ2001 የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ የሆነውን ረሳችሁት? ደጋግሞ ታተመ። ተማሪው ከጠረጴዛ ሥር ሸሽጎ አነበበው። ማን አዘዘው? ማን ማርክ ሰጠው? ማንም። ልጅ የሚወደውን መጽሐፍ ሲያገኝ የሚለምነው አያስፈልገውም። ማግኘቱ ላይ ነው ጉዱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ልብ ወለድ ልጅ ያባልጋል» የሚለው ነው። ይህን የሚነግረኝ አባት ልጁ ከጫት ቤት ሲወጣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ፑል ቤት ሲውል «ወጣት ነው፣ ይለፍለት» የሚል ነው። መጽሐፍ ሲይዝ ግን ይደነግጣል! ወረቀት ላይ ያለው የፍቅር ቃል ያስፈራዋል፤ መንገድ ላይ ያለው ሕይወት አያስፈራውም። ይሄ ጨዋነት ነው? ይሄ ልጅ መጠበቅ ነው?

በተለይ ሴት ልጅ ላይ ይከፋል። እሷ ክረምት ሲመጣ እረፍት የላትም። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ወንድሟ እንኳ ከብት ሲጠብቅ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ እሷ ስትቀመጥ ከታየች «ሥራ ፈታሽ?» ትባላለች። መጽሐፍ ይዛ ከተገኘችማ ጉድ ፈላ። ከዚያስ? ከዚህ ከይፋትና ከአካባቢው ስንት ልጃገረድ ወደ አረብ አገር እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ደላላው ወረቀት ይዘረጋና «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላታል። ትፈርማለች። አነበበችው? ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዞ መቀመጥን፣ ያልገባን ቦታ ላይ ቆም ብሎ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ማለትን መቼ ለመደችና? ልብ ወለድ ብታነብ ኖሮ ቃል ገብቶ የሚከዳ ሰው ከአንድም አሥር ጊዜ ታገኝ ነበር። አታላይን አስቀድማ በወረቀት ላይ ያወቀች ልጅ በአካል ስታገኘው አትስተውም። «ያባልጋል» ብለን የነጠቅናት መጽሐፍ ይጠብቃት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚከራከረኝ፣ የተማረውም ጭምር ደረቱን ነፍቶ የሚያቀርበው ሙግት ይሄ ነው፤ «ክረምት የማጠናከሪያ ጊዜ ነው። ልብ ወለድ ፈተና አያሳልፍም።» ስለዚህ አቅም ያለው ልጁን ክረምት ሙሉ ቲቶሪያል ይከታል። ያው ወርክሺት፣ ያው የምርጫ ጥያቄ፣ ያው «መልሱ ሲ ነው»። አቅም የሌለው ደግሞ «ምነው ገንዘብ በኖረኝ» ብሎ ይቆጫል።

ፈተናውን እናንሳው እንግዲህ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017፣ 8.4። ተሻሽሎ ተሻሽሎ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ ወደቀ! ይህ ሁሉ ልጅ የወደቀው የምርጫ ጥያቄ ስላልተለማመደ ነው? መምህራኑን ጠይቋቸው። ልጁ የሚሸነፈው መልሱ ጋ ሳይደርስ ነው፤ ጥያቄው ላይ ነው የሚቀረው። አራት መስመር ጥያቄ ሲያይ ሁለተኛው መስመር ላይ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በሚናገረው ቋንቋ ረጅም ጽሑፍ ተከትሎ መዝለቅ ያልለመደ ልጅ በሰው ቋንቋ እንዴት ይዘልቃል? በገዛ ሜዳው ያልሮጠ ዳገት ላይ ይሮጣል?

ነገሩ ደግሞ ከሥሩ ነው የተበላሸው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ዘጠኙ! እነዚያ ልጆች ዛሬ አድገዋል። የእናንተ ልጆች ናቸው። ይህን ቀዳዳ በወርክሺት ትደፍኑታላችሁ? የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። እኛ እየላስን ነው።

ከማጠናከሪያ ይልቅ መጽሐፍ ቢሰጣቸው ምን ይሆናል ለሚል፣ ተሞክሯል። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል ፍራንዘን የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ላይ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች በየክረምቱ 12 መጽሐፍ ሰጧቸው፤ ሦስት ክረምት በተከታታይ። መጽሐፎቹን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አስተማሪ አልተመደበም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም፣ መጽሐፍ የወሰዱት ልጆች ካልወሰዱት በንባብ ፈተና በልጠው ተገኙ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ከሁሉም የደኸዩት ነበሩ። ለምን? ሀብታም ልጅ መጽሐፍ ቤቱ አለ። ድሃው መጽሐፍ የሚያገኘው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሀብታሙ ንባብ ይቀጥላል፣ የድሃው ይቆማል። እኛ የድሃውን በር ቆልፈን ሁለቱን በአንድ ፈተና እናስቀምጣቸዋለን። ከዚያ የወደቀውን «ጎበዝ አይደለም» እንለዋለን። ኧረ ፈጣሪን እንፍራ!

እስቲ ቁጥሩን በጣታችሁ ቁጠሩት። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5። 65 ቀን ነው። በቀን 15 ገጽ፣ ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ፣ ቢያነብ 975 ገጽ ይሆናል። አራት ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ። ከሰባተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ባለው ጊዜ አምስት ክረምት አለ። ሃያ መጽሐፍ። ሃያ መጽሐፍ ያነበበ ልጅና አንድም ያላነበበ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡ እኩል ናቸው?

እኔ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩበትን ክረምት አልረሳውም። እኛ ቤት ተከራይ የነበረ ሠራተኛ ሲዛወር አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ጥሎ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቀድደዋል። በቆሎ ከዝንጀሮ እየጠበቅኩ ማማ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ግማሹ አልገባኝም። ማንም «አሳጥረህ ጻፍ» አላለኝም። ማንም «ዋናው ገጸ ባሕርይ ማነው?» ብሎ አልፈተነኝም። ገጽ ዘለልኩ። ተመለስኩ። የጎደለውን መጀመሪያ ከራሴ ፈጥሬ ሞላሁት። አንድ ነገር ግን አንቀጠቀጠኝ፤ ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ ደብረ ሲና አካባቢ ነበር! በየቀኑ ቀና ብዬ የማየው ተራራ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ መጽሐፍ የሚጻፈው ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር። ዓመታት አልፈው ነው መጽሐፉ በ1962 የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» መሆኑን ያወቅኩት። ያ ክረምት ባይኖር ይህን ዓምድ አልጽፍም ነበር። ዛሬ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስለ ገዛ ተራራቸው እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፉን የሰሙ ተማሪዎች ስንት ናቸው? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከመርሐቤቴ፣ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ መውጣታቸውንስ?

ስለዚህ ነው ልጅ ብቻውን ያንብብ የምለው። ብቻውን፣ የመረጠውን፣ ያለ ፈተና። እኛ ደግሞ ዝም ብለን መስጠት አንችልም። መጽሐፍ ስናቀብል ወረቀትና እስክሪብቶ እናስከትላለን። «አምስት ቁም ነገር አውጣ።» «ምን ተማርክበት?» ልጁ ጥሎት ይሄዳል፤ እውነቱን ነው! ምግብ በጎረስክ ቁጥር «ምን ቫይታሚን አገኘህ?» ብትባል ትበላለህ?

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። ላይብረሪው ለምን ይቆለፋል? ኃላፊው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። መጽሐፎቹን ቆጥሮ፣ ፈርሞ ነው የተረከበው። አንድ ቢጠፋ ከደሞዙ ይቆረጥበታል። ደሞዙ ደግሞ ለወር አስቤዛ አልበቃ ብሎታል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እናንተም ትቆልፋላችሁ! መጽሐፍ በልጅ እጅ ሲቀደድ ተጠያቂ አለ። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ በምስጥ ሲበላ ግን ተጠያቂ የለም። የቆላን ምስጥ የማያውቅ አለ? ሦስት ክረምት ቆልፋችሁ ብትመለሱ ሽፋኑ ቆሞ ውስጡ አፈር ሆኖ ታገኙታላችሁ። በመዝገቡ ላይ ግን «አለ» ይላል። ለአይጥና ለምስጥ የተፈቀደ መጽሐፍ ለልጅ ተከለከለ። ይህን ሕግ ያወጣው ማነው? ይህን አይቶ ዝም ያለውስ?

በየዓመቱ ባነር ይሰቀላል። «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» ይላል። ባለሥልጣኑ ይናገራል፣ ካሜራው ይቀርጻል፣ ቲሸርት ይታደላል። አንድ ጊዜ ብቻ ባነሩን ትታችሁ ቁልፉን ብታመጡ ምን ነበረበት? አዲስ አበባ ላይ በ2014 አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ደስ ብሎኛል፤ ገብቼ አይቻለሁ፣ ያምራል። ግን የአሊዩ አምባ ልጅ አራት ኪሎ ሄዶ ሊያነብ ነው? በእግሩ የሚደርስበት ላይብረሪ ተቆልፎ የአገሩ ዋና ከተማ ቤተ መጻሕፍት ምን ይረባዋል?

«ድሃ ነን፣ ደግሞም የእርሻ ወቅት ነው» የሚለውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የተጀመረው ምን ነበር? መሠረተ ትምህርት! በክረምት፣ በጭቃው፣ በእርሻው ወቅት። ደርግን ላሞግስ አይደለም፤ ያ መንግሥት የፈጸመውን የምናውቅ እናውቃለን። ግን ያቺ ከዛሬዋ የባሰ ድሃ የነበረች አገር በኩራዝ መብራት ገበሬና እመቤት ፊደል አስቆጠረች። ዘመቻው ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። አያቶቻችሁ ሞፈር ይዘው ውለው ማታ ጠመኔ ያዙ። ዛሬ የልጅ ልጃቸው «ክረምት ነውና አይመቸውም» ተባለለት። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ስድስት ሰዓት ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የሚበልጥ የንባብ ሰዓት ያለው ማነው? የጎደለው ጊዜ ሳይሆን መጽሐፍ ነው።

መንገዱ ሩቅ ነው፣ መጓጓዣ የለም የምትሉኝስ? በዚህ አገር ይህ ይባላል? አሊዩ አምባ በምን ኖረች? በቅፍለት አይደለም? ከቆላው ጨው በግመል እየተጫነ፣ በአህያና በበቅሎ ሽቅብ ወደ አንኮበር እየወጣ አይደለም? በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረሩ፣ የአፋሩ፣ የአርጎባው፣ የአማራው ነጋዴ እዚህች ገበያ ላይ ተገናኝቷል። ጨው በጀርባዋ ያመጣች አህያ ሃምሳ መጽሐፍ ያቅታታል? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሐዋሳ ላይ አህያ ጋሪ ላይ መጽሐፍ ጭነው ልጆች ሠፈር ድረስ ወስደዋል። አህያ በሐዋሳ አለ፣ በይፋት የለም?

እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አሊዩ አምባ ተቀምጦ ገበያችንን፣ ቤታችንን፣ እንጀራችንን፣ ንግግራችንን ሁሉ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ በሁለት ቅጽ አሳተመው። መንገደኛ መጥቶ ጻፈን፤ የእኛ ልጅ እንኳን ሊጽፍ የሚያነበው አጣ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! ይህ እኮ የይፋት ገዥዎች የነበሩት የወላስማዎች አገር ነው። ደረሳው ሉሁን ታቅፎ፣ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጅ ርቆ ብቻውን ሲያነብ የኖረበት አገር ነው። በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ንባብ የተከበረበት አገር ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው?

ይህን ያህል ያስቆጣኝ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት መዝጋት ለምደናል። መጋቢት 2012 በኮሮና ተዘጋ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ በተነሳው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆኑ። እነዚህ ልጆች ነገ ጠዋት ደወል ይደወል አይደወል አያውቁም። መምህር የሌለበት ወር፣ ደወል የሌለበት ዓመት አይተዋል። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉ በፊት ምን ታስተምሩታላችሁ? ብቻውን ማንበብ ነው! ማንም የማይዘጋው ትምህርት ቤት እሱ ብቻ ነው። ብቻውን ማንበብ የለመደ ልጅ መንገድ ሲዘጋበት አእምሮው አይዘጋም። ያልለመደው ልጅ መምህሩ የሄደ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ይሄድበታል። ያኔ የሚሰማው ማንን ነው? መጀመሪያ ያገኘውን፣ ጮክ ብሎ የተናገረውን ነው። አንብቦ የሚያመዛዝን ልጅ ያላሳደገ ሰው ነገ ልጁ በአሉባልታ ተነድቶ ሲሄድ «ምን ነካው?» ብሎ አያልቅስ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገንዘብም አልጠይቅም። ሰኔ 30 ካርድ ስትሰጡ ከካርዱ ጋር ሦስት መጽሐፍ ስጡ። ልጁ ራሱ መደርደሪያው ጋ ሄዶ ይምረጥ። ቀጭን ቢመርጥ ይምረጥ፤ የፍቅር ቢመርጥ ይምረጥ። ስሙን ጻፉ፣ መስከረም ይመልስ። ጓደኛው ከጨረሰ ይለዋወጡ። ከመቶ አሥሩ ቢጠፋ ይጥፋ፤ ከመዝገብ ይሠረዝ፣ ከማንም ደሞዝ አይቆረጥ። የተነበበ መጽሐፍ ጠፋ አይባልም። መደርደሪያውን ባዶ አድርጋችሁ፣ ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ በሁለት ጓጉንቸር ቆልፉት!

ወላጅ ሆይ፣ አንተም ከሥራ አታመልጥም። ማታ አንድ ሰዓት ያህል ወንድ ልጅህንም ሴት ልጅህንም «ተነሽ፣ ተነስ» አትበል። ማንበብ ባትችል «እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» በል። ሼሁም ቄሱም ከጸሎት በኋላ አንድ ቃል ጣል ያድርጉ፤ ሕዝቡ ይሰማቸዋል። መምህር ሆይ፣ ማጠቃለያ አትጠይቅ። መስከረም ሲገባ «ደስ ያለህን ንገረኝ» በለው፤ ይበቃል።

ያን ዕለት መስኮቱ ሥር ልጁን ጠይቄው ነበር። «ስንት ርዕስ አነበብክ?» አሥራ አንዱን በቃሉ ወረደልኝ፤ ቅደም ተከተሉን ሳይስት። ለካ በየቀኑ ነው የሚመጣው። «ቢከፈትልህ የትኛውን ታነባለህ?» አልኩት። ሳያመነታ በጣቱ በመስታወቱ በኩል አንድ መጽሐፍ አሳየኝ። ጀርባው ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ ርዕሱ አይታይም።

«ያንን» አለኝ። «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሐምሌ ተጋመሰ።»

ይህ ልጅ ነው አያነብም የተባለው። ቁልፉን የያዝክ ሰው፣ ስማኝ። ና ክፈትለት።